ለብረት እጅ

ባቡር ላይ ጎኔ የተቀመጠ ሰው፣ «ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲለኝ፣
«እጅ እሠራለሁ» አልኩት፤ ሐኪም መስዬው አከበረኝ።
የኔ እጅ ለሰው አይደለም፤ ለብረት ነው፣ ለሮድየም፤
ከወርቅ ይወደዳል እንጂ ብቻውን ሥራ አያውቅም።
ጋዝ በመጣ ቁጥር ያቅፋል፣
አንዱን ቀጥ አድርጎ ይሰፋል፣
አንዱን አጉብጦ ይሰፋል።
ፋብሪካው የሚሸጠው ግን ቀጥ ያለውን ብቻ ነው፤
ጎባጣው ተነጥሎ ወጥቶ፣ መጨረሻው ምድጃ ነው።

ስለዚህ ክንድ እገጥምለታለሁ፣ የፎስፎር አንጓ ያለበት፣
በሩን ጠበብ አደርጋለሁ፣ ጎባጣው እንዳይሾልክበት።
ሊጋንድ ይባላል በወጉ። እኔን እጅ ማለት ይቀለኛል።
ጠረኑ ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ጸጉሬ ውስጥ ገብቶ ያድራል፤
ልጄ ዮርን በሩን ሲከፍት፣
«ዛሬም ስትከትፊ ዋልሽ?» ይለኛል።

ሎይና፣ ዛለ ወንዝ ዳር፣ ኅዳር።
ጉሙና እንፋሎቱ አይለዩም፤
ቧንቧዎቹ ከመንገዱ በላይ ይሄዳሉ፣ ወዴት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

የመጀመሪያውን እጅ አጠበቅኩት፤
ብረቱን በአራት ጣት ቆልፌ፣ «አሁን ማን ይነካሃል?» አልኩት።
የግፊቱ መርፌ ሌሊቱን ሙሉ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።
ጉድሩን ጠዋት መጥታ አየችው፤
«አንቀሽዋል» አለች፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ሁለተኛውን አላላሁት፤ ብረቱ ሾልኮ አመለጠ፣
ጠቁሮ፣ ብልቃጡ ሆድ ላይ እንደ መስታወት ተቀመጠ።
የሦስት ወር ደሞዜን የሚያህል ብረት፣
ፊቴን አየሁበት።

አሥራ ዘጠነኛውን አየር ገደለው። ሃያ ሰባተኛውን ውሃ።
ሠላሳኛውን አላወራም።
አርባ አንደኛው ላይ አንጓውን ከአንጓው
መቶ አሥራ ሁለት ዲግሪ ያህል ከፈትኩለት፣
ወፍ እንደያዘ ሰው ጣት፤
እንዳትሞትበት፣ እንዳትበርበት።

ያን ሌሊት መርፌው ወረደ፣ ጋዙን ሲጠጣው አየሁ።
ከመቶ ዘጠና ሰባቱ ቀጥ! ሁለቴ ለካሁ፣ ሦስቴ ለካሁ።
ድሮ ሰባ ስምንት ነበር።
ዳይሬክተሩ ኬክ አመጣ፤ ጉድሩን ጓንቷን አውልቃ
ክሬሙን በጣቷ ላሰች፣ ከተዋወቅን ጀምሮ
ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ።

በሁለተኛው ወር ኤክሃርት ሮሽ ደረጃውን ወጥቶ መጣ።
ጎባጣውን ከቀጥታው የሚለየውን ረጅም ዓምድ፣
ዓምድ አራትን፣ ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቀ ሰው ነው፤
ቧንቧውን በመዳፉ ዳብሶ ሙቀቱን የሚናገር፣
ጃኬቱ የሻገተ ቅቤ የሚሸት።
«ከታች የሚወርድልኝ አነሰ» አለኝ፣
«መጀመሪያ ፓምፑ መስሎኝ፣ ሁለት ቀን ስፈታው ከረምኩ።»

ደብዳቤው ገና አልደረሰውም። እኔ ግን አይቼዋለሁ፤
ዓምድ አራት በሚያዝያ ይዘጋል፣
ስሙም ከሥር ተጽፏል።

ዝም አልኩ።
ከመደርደሪያው የፕላስቲክ አምሳያውን አንስቶ አገላበጠው፣
ወፍራም አውራ ጣቱን በሩ ላይ አስጠግቶ ለካው።
«በዚህች በኩል ነው የሚገባው?»
«በዚያች።»
«ጥሩ በር ነው» አለ።
ሥራ ሲያይ መዋሸት አይሆንለትም።
ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ፣ «ሦስቱን ከመቶ ተያቸው» አለኝ፣ «ለኔ ይሁኑ።»
ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።
ደረጃው ሳያልቅ ሳቁ አልቆ፣
የጫማው ድምፅ ብቻ ሲወርድ ሰማሁ።

አሁን ሠንጠረዤ ላይ ሦስት አለች፣ ዳይሬክተሩ የከበባት በቀይ።
በመስኮቴ ከዓምድ አራት ጫፍ
ቀጭን እንፋሎት ይወጣል ወደ ላይ።
የአርባ ሁለተኛው እጅ ዱቄት ብልቃጥ ውስጥ ነው፣ ነጭ፣ ያልተነካ።
«ምን ትጠብቂያለሽ?» ትለኛለች ጉድሩን።
አየር እንዳይገባበት ነው እላታለሁ፤
ክዳኑን አጠብቃለሁ፣
ደግሞ አላላለሁ።