ሁለት ፊደል፣ አምስት ጊዜ

ቱሉ ዲምቱ፣ አምስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው ሕንጻ፤
ግድግዳው እንደተረከብኩት፣ ሲሚንቶው ያልተቀባ።
ሌሊት ከእርሻው በኩል ነፋስ ሲገባ
ሁለት ፊደል ይዤ እቀመጣለሁ።

ሀ እና ለ። ሌላ የለኝም።
እንደፈለግሁ እደረድራቸዋለሁ፦ ሀለ፣ ለሀሀ፣ ሀለለሀለ፤
ሁሉም ቃል ነው፤ ትርጉም አልጠይቀውም።
ሕጉ አንድ ነው፦ ማንኛውም ቃል፣ ቢያጥርም ቢረዝም፣
አምስቴ ተከታትሎ ከተደገመ
ይጠፋል፤ ስፍራው ባዶ ይሆናል፣ እንዳልተባለ።
በባዶው ስፍራም ያንኑ መልሶ መሰካት ይቻላል፤
በዚህ መንገድ ቃል ከቃል ከተገናኘ እንደ አንድ ይቆጠራል።
እንግዲህ ጥያቄው፦ የሚተርፉት ቃሎች
ያልቃሉ፣ ወይስ አያልቁም?

ሕጉ ሦስቴ ቢሆን ሃያ ሰባት ናቸው፤
በመብራት ደረሰኝ ጀርባ ጽፌ ጨረስኳቸው።
አራቴ ቢሆን አራት ሺህ ዘጠና ስድስት፤
ብዙ ነው፣ ግን ይቆጠራል፣ እንደ ባንክ ዕዳ።
የሚገርመው ስድስት ነው፤ ከአምስት በልጦ ሳለ
ከተፈታ ቆየ።
አምስት ግን፣ ከመቶ ዓመት በላይ፣
በሩን እንደዘጋ አለ።

ግቢውን የሚጠብቁት ጋሽ ወዳጆ
አንድ ሌሊት ደረጃው ሥር ያዙኝ፦
«ያንቺ መብራት ብቻ ነው የማይጠፋ። ምን ጠፍቶሽ ነው?»
ነገርኳቸው። በባትሪያቸው ብርሃን አፈሩ ላይ ጻፍኩላቸው።
ሳቁ።
«ቃል ሲደጋገም ባዶ እንዲሆን ይሄ ጥናት ይፈልጋል?
‹ውሃ ነገ ይለቀቃል› ሲሉን ሰኞ ሰማሁ፣ ማክሰኞ ሰማሁ፤
ረቡዕ ሲደግሙት ጆሮዬን ዘጋሁ።»
የጋሽ ወዳጆ ሕግ ሦስት ነው፤
ሃያ ሰባት ቃል ይበቃቸዋል፣ ይተኛሉ።

እኔ አልተኛም።
ተራው ያስቸግረኛል፤ ሀለ ማለት ለሀ አይደለም።
ጀሪካን ሞልቶ አምስት ፎቅ መውጣትና
አምስት ፎቅ ወጥቶ ጀሪካን መሙላት
አንድ ነው የሚል ሰው፣ እዚህ ሰፈር ኖሮ አያውቅም።

ባለፈው ጥቅምት ያገኘሁት መስሎኝ ነበር።
ስልሳ አንድ ገጽ። አማካሪዬ ዶክተር ሲራክ
አርባ ሦስተኛው ላይ አንድ መስመር በእርሳስ ከበቡና
«ይህ ቃል የት ሄደ?» ብለው ጻፉ።
አልጠፋም ነበር። እኔ ነኝ የረሳሁት።
ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ታክሲ ውስጥ፣
ያቺን ክብ እያየሁ መጣሁ።

ተካልኝም ወጥቷል። ፍርድ ቤቱ ፍቺውን
በአንድ ማለዳ፣ በአንድ ማኅተም ሰጠን፤
ፍቺ እንዲህ ከቀለለ፣ አልኩ፣
የኔን ፍቺ ምን አቆየብኝ?
«እመጣለሁ» ይለኛል አሁንም በስልክ። አራቴ ብሎኛል።
ሊደግመው ሲል ወሬ እቀይራለሁ፤
መሃል ላይ ሌላ ቃል ከገባ ሕጉ አይሠራም።

ዛሬ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ቧንቧውን ሳል ያዘው። ነፋስ ብቻ።
ከታች የባዶ ጀሪካን ኳኳታ፣ የነጠላ ጫማ ሩጫ፣
«ከሰማያዊው ፊት ነበር ቢጫው!» የሚል ጭቅጭቅ፣
ጋሽ ወዳጆ ተራ ሲያስይዙ።
እስክሪብቶዬን ሳልከድን አዳመጥኩ፦
ሀለ፣ ሀለ፣ ሀለ፣
ሀለ።
አራት።
መዳፌን ከቧንቧው አፍ ሥር ዘርግቼ
እጠብቃለሁ።