ፑት፣ ፑት፣ ፑት

ካን ቶ፣ ከወንዙ ዳር፣ ከሞተር ጠጋኙ ሱቅ በላይ፣
አሥራ አንድ ወንበር፣ አንድ አምፖል፣ ዘንበል ያለ ሰሌዳ ግድግዳ ላይ።
ወይዘሮ ኒየን ከኋላ ተቀምጣለች፤ ጣቷ አናናስ አናናስ ይሸታል፤
የቀኑ ልጣጭ እሾህ ገና ከመዳፏ ይለቀማል።

በእሷ ቋንቋ ግስ ልብስ አይቀይርም።
ትናንት የሄደ ሰው፣ ‹ዲ›፤
ነገ የሚሄድም፣ አሁን ደጅ ላይ የቆመም፣ ያው ‹ዲ›።
ጊዜውን የሚያውቀው ሰሚው ነው።
እዚህ ግን ሰሌዳው ለየቀኑ ሌላ ስም አለው፦
ጎ። ዌንት። ጎን።
«ይሄ ዌንት ከየት መጣ? ከ‹ጎ› ጋር ዝምድናው ምን?»
«የእንጀራ ልጅ ነው» አላት መምህር ቱክ፣ ጠመኔውን እንደ ሲጋራ ይዞ፤
«የሌላ ግስ ልጅ ነበር፤ ‹ጎ› ቤት አደገ፣ ወግ ይዞ።»

የወደደቻቸውም አሉ። ካት፣ ካት፣ ካት፦ አናናስ ላይ እንደሚወርድ ቢላ።
ፑት፣ ፑት፣ ፑት፦ ሳቀች፣
«ይሄማ የጀልባዬ ሞተር ነው፣ ሃያ ዓመት ሰምቼዋለሁ» ብላ።
ባይ፣ ቦት ላይ ግን ተቸገረች። ጀልባም ቦት፣ መግዛትም ቦት፤
«ጀልባ ገዛሁ» ልትል ስትል ቦት ከቦት ተላተመ፣
የፊቱ ወንበር በሳቅ ታመመ።

ደግሞ አንድ ግስ አለ፣ ሁለት ጊዜ ያሰመረችበት፦
ካም፣ ኬም፣ ካም።
ወጥቶ፣ መልኩን ለውጦ፣ ሲመሽ በገዛ ስሙ የሚገባ ቤት።
‹ጎ› እንዲህ አይደለም። ዌንት ሆነ፣ ጎን ሆነ፣ እዚያው ቀረ፤
እንደ ልጇ፣ እንደ ካይ፣ የኮንቴይነር መርከብ ላይ ወጥቶ እንደተሻገረ።

ሰኔ ላይ ፈተና ሆነ። ተራ ቁጥር ዘጠኝ፣ ባዶ ቦታ ሙሉ፦
«አጎቴ ዓምና ወደ ቡሳን ———።»
‹አጎቴ›ን ሰረዘች። ከላዩ ‹ልጄ› ብላ ጻፈች፣ በደቃቁ።
ከባዶው ላይ፣ በክብ በክብ ፊደል፣
ካም።
ኬም እንኳ አይደለም።

ቱክ ቀይ እስክሪብቶውን አንስቶ ብዙ ቆየ።
ደግ ልጅ ነው። ግን መምህር ነው።
ዜሮ ሰጣት።

ወረቀቱን ወደ አምፖሉ ጠጋ አድርጋ አየችው፤
ክብ፣ ቀይ፣ መሐሉ ክፍት።
«መርከብ ጎን ላይ የሚሰቅሉትን ጎማ ይመስላል» አለች፣
«ሰው ሲወድቅ የሚወረውሩለት።»
አጥፋ ከመልስ ሳንቲሟ ጋር ከተተችው።

ሐሙስ ደግማ ትፈተናለች።
ሌሊት አሥር ሰዓት፣ ጭጋጉ ገና ውኃው ላይ እንደተኛ፣
ገመዱን ፈታች፣
ፑት፣ ፑት፣
ፑት።