የአንድ ቀን ባሕር

ሩሽዲ ለአባቴ የአንድ ቀን ባሕር ዕዳ ነበረበት፤
ገንዘብ አልነበረውም፣ ያኔ ሞተሩ የቆመበት።
አባቴ ከሐዴራ መፍቻውን በፌስታል ይዞ መጥቶ
በባትሪ መብራት ጠገነው፣ ብሎን ከብሎን ለያይቶ።
«ስንት ነው?» ቢለው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣
«አንድ ቀን፣ ለሦስት ሰው፣ ከጠዋት እስከ ማታ» አለ፤
ዋጋውን እንዲህ አደረገ።

ከዚያ ሥራ በዛ። ክረምት ሆነ። ማዕበል ነው ተባለ።
ጡረታ ስወጣ አለ።
ጉልበቴ ሲሻለኝ አለ።

ከቀበርነው በስምንተኛው ወር፣ እናቴ ጥቁሯን ሳታወልቅ፣
«ተነሽ፣ ዕዳችንን እንሰብስብ» አለችኝ፣ ሰማዩ ሳይደምቅ።

ጅስር አዝዘርቃ። አሸዋው ላይ የዓሣ አጥማጆች ቆርቆሮ ቤት፣
ድመት የምትጠብቀው መረብ፣ ቀለሟ የተላጠ ጀልባ።
ሩሽዲ ተንሳፋፊ ሰደርያ አወጣ፣ ሦስት ቆጥሮ፤
«ሌላ የሚመጣ አለ?» አለን፣ መርዶውን ሳይሰማ ኖሮ።
እናቴ መንገዱን አየች።
«ዘገየ» አለች።
የባሏን ስም ጠራች እንጂ፣ ስለ ሰዓት አልነገረች።
ስሙን ያውቃል፣ ትርጉሙን አያውቅም፤ ነገሩን ከጥቁሯ አወቀው፤
ሦስተኛውን ሰደርያ ግን አልመለሰም፣
ለባዶው ወንበር አጠለቀው።

ሞተሩ በአንድ ጉተታ ተነሣ። «ያባትሽ እጅ ነው» አለኝ።
የሐዴራ ጭስ ማውጫዎች ከኋላችን አጠሩ፣ አጠሩ፣
የእርግብ ደሴት ብቅ አለች፣
ነጭ ናት፤ ንጣቷ ግን የወፍ ኩስ ነው።
እናቴ አፍንጫዋን ይዛ፣ «ደሴት የሚሉት ይህን ነው?» አለች፣
«ውሃ ሞልቶ የማይጠጣ፣ መሬት ኖሮ የማይታረስ!» ብላ ተሳለቀች።

ዶር ስንደርስ ግን ዝም አለች።
በደሴቶቹ መሐል ውሃው የእግራችንን ጥፍር ያስቆጥራል።
ጫማዋን አወለቀች፤ ከዐለቱ ቀዳዳ ትንሽ ሸርጣን ዓይኗን ሰቅላ አየቻት፣
«አንቺም የቤት ኪራይ አለብሽ?» አለቻት።
እንቁላል ልጠን በላን፣ ኪያር፣ ፒታ፣ ሩሽዲ የጠበሰው ዓሣ፤
ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሣ።

የሐቦኒም ዋሻ አፉ ዝቅ ያለ ነው፣ ጎንበስ ላላለ አይከፈትም።
ሩሽዲ ሞተሩን አጠፋ፣
በመቅዘፊያ ገፋ።
ውስጡ ሰማያዊ ነው፤ ከታች የበራ፣ ከላይ የጨለመ፤
ከጣሪያው ጠብታ ወደቀ፤ ድምፁ ቆየ፣ ቆየና ከሰመ።
«ጩኹ» አለን፣ «የመጣ ሁሉ ይጮኻል፤ ዐለቱ ይመልሳል።»
እኔ አፈርኩ። እናቴ ግን ተነሣች፣
ጀልባዋ ስትዋልል የባዶውን ሰደርያ ትከሻ ጨበጠች፦

«ማን አለ?»

ዋሻው የፊተኛዋን ቃል ዋጠ፤ ኋለኛዋን መለሰ፦
አለ…
አለ…
እስከ ጥግ ሄዶ ለሰለሰ።
ጠብቆ ይሁን ላልቶ፣ ጆሮዬ አልለየውም።

አልሳቀችም፤ አላለቀሰችም። ቁጭ አለች። «ሰማሽ?» አለች።
የገደል ማሚቶ ነው ልላት ነበር፣ በጥርሴ ያዝኩት፤
ከትምህርት ቤት ያመጣሁትን ሁሉ እዚያ ውሃ ውስጥ ጣልኩት።

ስንመለስ ፀሐይ በቀኛችን ወረደች፣ ጨው ቅንድባችን ላይ ደረቀ፤
የጭስ ማውጫው ቀይ መብራት
ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ እያለ ከሩቅ ደመቀ።

አሸዋው ላይ ሩሽዲ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣
«እንግዲህ ሒሳቡ ተዘጋ?» ብሎ ጠየቀ።
እናቴ ጫማዋን አራግፋ የባሕሩን አሸዋ ለባሕሩ መለሰች፣
ከዚያ በተሰባበረው ዕብራይስጧ፣ ጣቷን እያጠፈች፦
«ውሉ ለሦስት ሰው ነበር።
አንድ። ሁለት። ሁለት ነን የሄድነው።
የአንድ ሰው ይቀርሃል።»

ሩሽዲ አየኝ። ጀልባዋን አየ።
«ይቀረኛል» አለ።
ገመዱን አሰረ፣ መረቡን አጠፈ፣ መቅዘፊያውን አወጣ፤
ሰደርያውን ግን ከወንበሩ አላነሣም።