ፍራሽ የተሰጣ ቀን

ክረምቱ በሌሊት ሹልክ ብሎ ወጣ፤
ኮዬ ፈጬ ሁሉ ፍራሹን አሰጣ።
በየሰገነቱ ብርድ ልብስ ተሰቅሎ
የሦስት ወር ሻጋታ ይራገፋል ቶሎ።
ከብሎኩ ጀርባ ግን ስሚንቶ ያልበላው
አንድ ማሳ ተርፏል፣ ቢጫ አደይ የሞላው።

ባዩሽ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ
የልጆቹን ፍራሽ ልታወጣ ገብታ
ድምጿ ጠፋብኝ።
ሄድኩ።
ተንበርክካለች።
ከፍራሹ ሥር፣ በግድግዳው በኩል፣
በደብተር ወረቀት አንድ በአንድ ተጠቅልሎ
ዘጠኝ ቁራሽ ዳቦ ተሰልፏል፤
ገሚሱ ሻግቷል፣ ገሚሱ ድንጋይ አክሏል።
የዛሬው ገና ለስላሳ ነው።

ትርሲት ናት።
በሐምሌ ጨለማ፣ ዶፍ እየወረደ፣
አንድ ፌስታል ልብስ ይዛ፣ ጉልበቷ እየራደ፣
ወንድሟን አስከትላ መጣች።
ዳኛው ፊት ፈርመናል። ‹‹ከዛሬ ጀምሮ ልጆቻችሁ ናቸው›› ተብለናል።
ይበልጣል አምስት ዓመቱ ነው፤ በማግሥቱ ‹‹አባባ›› አለኝ።
እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤
‹‹እርስዎ›› ትለኛለች፣ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር።

ከቱሉ ዲምቱ ኮዬ በር እየቆረቆርኩ፣
ያለፈውን ውኃ በኪዩብ እየቆጠርኩ
እንጀራዬን እበላለሁ።
ለጥም ግን ቆጣሪ የለውም መሥሪያ ቤቱ።
ዘጠኝ ቁራሽ። ንባቡን የት ልመዝግበው?

ባዩሽ አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም።
የሻገተውን ለየች።
ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ከጓዳ አምጥታ፣
አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ፣
የተረፈውን ከተተችበት፤
ማታ ፍራሹ ሲመለስ
እዚያው፣ በቦታው፣ በግድግዳው በኩል አኖረችው።
‹‹አይጥ እንዳይነካው ነው›› አለችኝ፣
ምንም ሳልጠይቃት።

ሰኞ ለምዝገባ ትምህርት ቤት ወሰድኳት።
ጭቃውን በድንጋይ በድንጋይ ስንሻገር
እጄን ዘረጋሁላት፤
እጅጌዬን ያዘች።
ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን ነቀነቀች፤
‹‹ስም?››
‹‹ትርሲት።››
‹‹የአባት ስም?››
አፌን ከፈትኩ። ፍርድ ቤቱ ፈቅዶልኛል፣
ወረቀቱ ደረት ኪሴ ውስጥ ነው።
እሷ ወደ እኔ ሳታይ፣ ወደ ጠረጴዛው፣
‹‹ጓንጉል›› አለች፤
የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ ያህል ዝግ ብላ።

ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችኝ።
አንድ ሙሉ ክረምት በጉሮሮዬ ወረደ።
‹‹ጓንጉል ነው›› አልኩ። ‹‹በ‹ጓ› ይጻፉት፣ በ‹ጋ› እንዳይሆን።››

ጓንጉልን አላውቀውም፤ ፎቶ እንኳ አልተረፈለትም።
አናጢ እንደነበር ከመዝገብ አንብቤያለሁ።
ማን ያውቃል፣ በየወሩ ከምቆረቁራቸው በሮች
አንዱን እሱ ገጥሞት ይሆናል።

ስንመለስ ማሳው ዳር ቆመች።
አበባውን አልቀጠፈችም።
‹‹እዚህም ፎቅ ሊሠራ ነው?››
‹‹ለከርሞ ይመስለኛል።››
‹‹ዘንድሮ ግን አለ።››
‹‹ዘንድሮ አለ።››

ጥቅምት ደግሞ ገባ፤ ጭቃው ዱቄት ሆነ፤
አደዩ ረገፈ፣ ብርዱ ግን ገነነ።
ቅዳሜ ጠዋት ይበልጣል በአንድ እግር ካልሲ እየሮጠ
‹‹አባባ! ትርሲት ወፎቹን እያበላች ነው!››
በረንዳው ላይ ቆማለች፣ ቆርቆሮውን በብብቷ ይዛ፤
ድርቆሹን በጣቷ እያደቀቀች ትበትናለች፤
ወፎቹ የልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ ይሻማሉ።
ከኋላዋ መቆሜን አውቃለች።
ቆርቆሮውን ገልብጣ መታ መታ አደረገችው፣
ክዳኑን ገጠመች፤
ከቀሚሷ ኪስ አንዲት ቁራሽ አወጣች፣
ለሁለት ገመሰቻት፤
ግማሿን መልሳ ኪሷ ከተተች፣
ግማሿን ዘረጋችልኝ።

‹‹እንካ›› አለችኝ።

ደረቅ ነበር። በላሁት።