አንደኛ አመልካች፣ ሁለተኛ አመልካች

ከፍርድ ቤቱ ማዶ፣ ከፎቶ ኮፒው ጎን፣ አለች ቆርቆሮ ቤቴ፤
የሰው ጠብ ነው ቀለቤ፣ የሰው ጠብ ነው ሀብቴ።
አጥሬን ገፋ፣ ብድሬን ካደ፣ ልጄን ከለከለኝ፣
እያለ ሀዋሳ ሁሉ ተራ ይዞ ሲመጣልኝ፣
ገጹን በአርባ ብር፣ ሳልሰለች ሳልማረር፣
ጣቴ አስቀድሞ ያውቀዋል፣ ባለጉዳይ ሳይናገር፦
«ከሳሽ» ብሎ ይጀምራል፣
«ተከሳሽ» ብሎ መስመር ይወርዳል።

ሐምሌ ነው፣ ማክሰኞ ረፋድ፣ ዝናቡ ሳያባራ፣
ሁለት ሰው ገባብኝ፣ በአንድ ጃንጥላ፣ ትከሻቸው በየጎኑ ርሶ።
«ከሳሽ ማነው?» አልኩ፣ ወንበር እየሳብኩ።
ተያዩ።
መምህር ድንገት እንደጠየቃቸው ልጆች ተያዩ።
«ማንም» አለች እሷ።
«ማንም» አለ እሱ።

እሺ።
«ከሳሽ»ን አጠፋሁ። «ተከሳሽ»ን አጠፋሁ።
አንደኛ አመልካች፣ ዳዊሳ ቃሚሶ፤
ሁለተኛ አመልካች፣ አሰገደች ባራሶ።
አንዱ ከአንዱ በታች፣ በእኩል ኅዳግ፣ በአንድ ፊደል መጠን፤
የጋብቻ ወረቀታቸውም እንዲህ ነበር መሰለኝ፣ ያን ቀን።

ከዚያ ሕጉን ነገርኳቸው፣ በቃሌ እንደማውቀው፦
ስምምነታችሁ በጽሑፍ፣ ፊርማችሁ ከነቀኑ፤
ልጅ ማን ጋ እንደምታድር፣ የቀለቧም መጠኑ፤
ንብረቱ ተዘርዝሮ፣ ዕዳም ካለ ዕዳው፣
ማን ምን እንደሚወስድ፣ ከሳሎን እስከ ጓዳው።
ዳኛው ለየብቻ ጠርቶ ይጠይቃል፦ ተገደሽ? ተታለልህ?
ያኔ እውነቱን ነው፤ እንዳትደብቅ፣ ለሷም ብለህ ለራስህም ብለህ።

«ምክንያቱንስ የት ነው የምናስገባው?» አለ ዳዊሳ።
«ምክንያት አያስፈልግም» አልኩት። «በስምምነት ከሆነ ሕጉ አያስገድድም።»
ደስ አላለውም። ወይ ደስ ብሎታል፤ እንጃ።
የደረት ኪሱን ዳሰሰ፣
የታጠፈ ወረቀት አወጣ፣ መልሶ ከተተው።
እሷም ቦርሳዋን ዘጋች፣ ቀስ ብላ፤
እዚያም ውስጥ አንድ ወረቀት ነበር፣
ጠርዙን አየሁት።

ንብረት፦
አንድ ጀልባ፣ አሞራ ገደል የታሰረች፣ ሞተር የሌላት።
መረብ ሁለት፤ አንዱ የተቀደደ።
(«መቀደዱ ይጻፍ ወይ?» አልኩ። «ይጻፍ» አለች፣ «እውነት ነው።»)
ፍሪጅ፣ በሩ በገመድ የሚታሰር።
ዕቁብ፣ ዕጣው ገና ያልደረሰ።
ልጅ፦
ናርዶስ ዳዊሳ፣ ዕድሜ ዘጠኝ፤
ከእናቷ ጋር ታድራለች፣ ቅዳሜ ከአባቷ ጋር ትውላለች።
«የዓሣውን እሾህ እሱ ነው የሚለቅምላት» አለች እናት፣
እኔም ሳላስበው ተየብኩት።
ኋላ አጠፋሁት፤
ዳኛ ፊት አይቀርብማ እንዲህ ያለ ነገር።

ዳኛው ሦስት ወር ሰጣቸው፣ አስቡበት ብሎ።
ሦስት ወር የሌላ ሰው ጠብ ተየብኩ።
አንዳንዴ አጥሩ ላይ አባ ኮዳ ሲያርፍ፣
በዚያ ራሰ በራው፣ በዚያ በጡረተኛ ዳኛ አቋቋሙ፣
እያሰቡበት ይሆን? እላለሁ፤
ወይስ ፊቱኑ አስበው ጨርሰው ነበር የመጡት?

ጥቅምት ላይ መጡ። ፀሐይ ነው። ጃንጥላ የለም።
«አሁንም በሐሳባችን እንደጸናን ነን» የምትል
አንዲት መስመር ጻፍኩላቸው። ፈረሙ።
አርባ ብር።

«እኔ ልክፈል» አለ።
«ኧረ በሞቴ!» እጁን ያዘችው።
«አንቺማ አትከፍይም!»
«ባለፈው ከፍለሃል፣ አሁን ተወኝ!»
«አይሆንም አልኩ እኮ!»
ያለ ክርክር የመጣ መዝገብ
ጠረጴዛዬ ላይ፣ በአርባ ብር፣ ተከራከረ፤
ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው ልጅ ሳይቀር አንገቱን አስግጎ አየ።

ዳኛ ሆኜ አላውቅም።
«ሃያ፣ ሃያ» አልኳቸው፣ አንቀጽ ሳልጠቅስ።
ሁለት አሥር ሰጠኝ፤ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።
ሁለት አሥር ሰጠችኝ።
የሷም ይሸታል።