ሆደ ባሻ ቆዳ

ቆዳዬ ሆደ ባሻ ነው፣ በትንሽ በትልቁ ይከፋል፤
ሳሙና ገና ሲሸተው፣ ቀልቶ አብጦ ያኮርፋል።
ያን ሰሞን ለአክስቴ ልጅ ሠርግ፣ ኮላም ገበያ ወጥቼ
አንዲት ብልቃጥ ቅባት ገዛሁ፣ በማስታወቂያው ተረትቼ፤
«በሰባት ቀን ትነጫለሽ!» ይላል የወርቅ ቀለም ጽሑፉ፤
በሦስተኛው ሌሊት ፊቴ፣ ነደደ ከዳር እስከ ጫፉ።

እናቴ ቪላሲኒ አልተቆጣችም።
ብልቃጡን አነሣች፤ ክዳኑን ከፍታ፣ አንዴ ብቻ አሽትታ፣
ከሙዙ ግንድ ሥር ጣለችው፣ በዝምታ።

ሲነጋ ከአቹታን ቫይዲያር ዘንድ፣ ከሽማግሌው ሐኪም ደረስን፤
ትርታዬን በሦስት ጣት ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፤
እኛም ትንፋሻችንን ውጠን፣ ከፊቱ ቁጭ አልን።
«ፒታሽ ተነሥቷል» አለ፣ «እሳትሽ።
እሳት በዱላ አይመታም፤ ይባበላል እንጂ በእርጋታ።
ለአንድ ወር በርበሬ ይቅር፤ የቀትር ፀሐይ፤ የጎረቤት ጫጫታ።»
መድኃኒት አልሸጠልንም፤ በቁራጭ ወረቀት ጻፈ፤
መንገድ ላይ ዝናብ ያዘንና፣ የቀለሙ ግማሹ ረገፈ።

የረገፈውን እናቴ ታውቀዋለች።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከካሹ ፋብሪካው ወለል
ቁጢጥ ብላ ቅርፊት ሰብራለች፤
ቅርፊቱ ዘይት አለው፣ ሥጋ የሚልጥ፣ የሚያከስል።
ጣቶቿ ጠቁረዋል። አሻራ የላቸውም።
ባለፈው ወር ሩዝ ሲታደል፣ መሣሪያው አላወቃትም፤
አንዴ ጫነች፤ በሳሪዋ ጫፍ ጠርጋ ደግማ ጫነች፤
ቀይ መብራት በራ። ፊት ነሳት።
ባዶ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ተመለሰች።

እነዚያ ጣቶች ናቸው እንግዲህ፣ የእኔን ፊት የሚዳብሱት።

መጀመሪያ ከክንዴ መታጠፊያ፣ አንዲት ጠብታ አኖረች፤
«ካደረ ሳይቆጣ፣ ነገ ፊትሽን» አለች።
አደረ። አልተቆጣም።

ንጋት ላይ የማሾ ዱቄት፣ በጽጌረዳ ውሃ የራሰ፣
ሦስቴ በወንፊት ያለፈ፣ እንደ ትንፋሽ የለሰለሰ፤
አትፈትግም፤ ታሳርፈዋለች።
ሳይደርቅ በጉድጓድ ውሃ፣ ቀስ አድርጋ ታወርደዋለች።
የአባቴ ሙንዱ አለ፣ ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ፤
በእሱ መታ መታ ታደርገኛለች፣ የተኛ ሕፃን እንዳይነሣ
እንደምትፈራ ሴት።
ከአጥር ሥር የቆረጠችውን እሬት
ዘቅዝቃ ታቆመዋለች፣ ቢጫ ምሬቱ እስኪወርድ፤
ለፊቴ ግልጡ ሆዱ ብቻ፣ ቀዝቃዛው፣ የሚርድ።
ሰንደልስ ስላት፣ «ውድ ነው፤ በሠርጉ ቀን አሽትቺው» ትላለች፤
እርድ ስላት፣ ከጥፍሯ ጫፍ ላይ ቆንጥራ፣ ግማሹን መልሳ ታራግፋለች።
ማታ ደግሞ የኮኮናት ዘይት፣ ሁለት ጠብታ፤ ሦስተኛው ለኩራዙ።

ሠርጉ አለፈ። ጉንጬ እንደቀላ ሄጄ፣
ከሙሽራዋ ጎን ቆሜ ፎቶ ተነሣሁ።
አክስቴ፣ «ምነው ልጄ፣ ፀሐይ መታሽ?» አለችኝ።
«እሳት ነው» አልኳት፤ «እያባበልነው ነው»።
ከት ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ስስቅ ትንሽ አመመኝ።

ዛሬ አሥራ ዘጠነኛ ሌሊት።
ዝናቡ የሸክላውን ጣሪያ ይቆጥራል፣ ይስታል፣ ይደግማል።
መብራት ጠፍቷል፤ ዓይኔን ጨፍኛለሁ፤
ጣቶቿ በግንባሬ ሲያልፉ፣ እያንዳንዱን አውቃለሁ፤
አመልካቿ የተሰነጠቀች፣ ቀለበቷ ጥፍር የሌላት፤
ያ መሣሪያ ያላነበባትን፣ ገጼ በጨለማ አነበባት።

«ያቃጥልሻል?»
«አያቃጥልም።»
«አንቺንስ?» አልኳት።
ዝም አለች።
ሠላሳ አንድ ዓመት ማንም አልጠየቃትም መሰለኝ።
ከሳህኑ የተረፈውን እሬት ጠርጌ፣ እጇን ያዝኩ፤
«ለአሮጌ ቆዳ አታባክኚ» ብላ ሳበች፤
እኔ አለቀቅኩም።
ቆይታ፣ ቆይታ፣
እጇን ተወችልኝ።