ሁለት አምፖል

ያለኝ አንድ ፋይል ነው፤ በጥቁር ስክሪን ነጭ ፊደል፣
ሥዕል የለው፣ ደወል የለው፣ ሰው አይጠራ፣ አይደልል።
የጥርስ ሐኪም ማክሰኞ፣ የክረምት ጎማ የዓርብ ዕለት፣
የሳውና ማገዶ ሲያልቅ የሚታዘዝበት ሰዓት፣
ሁሉም በየመስመሩ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል፤
ጠዋት አንዲት ቁልፍ ስነካ
ተጠቅልሎ ያደረው ቀን ፊቴ ምንጣፍ ይዘረጋል።

እኅቴ ኢርያ ከሰሜን፣ ኦውሉ ሆና ታዛለች፤
ስልኳ ላይ ባለ ድረ-ገጽ የናታችንን ኑሮ ዘርዝራለች፦
የግፊቱ ኪኒን።
የደረጃው አምፖል።
አጃ፣ ትንሹ ፓኬት፤ ትልቁን መክፈት አቅቷታል።
ከየመስመሩ ጎን አንዳንድ ባዶ ክብ፣
አፉን ከፍቶ የሚጠብቅ፣ ልክ እንደ ጫጩት ሲርብ።

"አንተም እዚያው ግባ" ትላለች፤ "ሰው ሁሉ ያለው እዚያ ነው።"
እኔ ግን የሰው ቤት ስገባ ጫማ ማውለቅ ነው የሚያቅተው፤
የይለፍ ቃል፣ ቀይ ነጥብ፣ "እንኳን ደህና መጣህ ታውኖ!"
ማን ጠራኝና?
ስለዚህ በኅዳር እሑድ፣ ፀሐይ በዘጠኝ ስትጠልቅ፣
ታምፐሬ ቤቴን ዘግቼ ኮድ ስጽፍ ዋልኩ፤ ስሰርዝ፣ ሳርቅ።
ድረ-ገጹ ቁልፍ ሰጠኝ፣ ሠላሳ ሁለት ፊደል፣
ኪስ የማይገባ፣ የማይዝግ፤ በየሩብ ሰዓቱ ግን
ገብቶ የኢርያን ዝርዝር ቀድቶልኝ ይመጣል።
አምፖሉ ከማገዶዬ፣ ኪኒኑ ከጎማዬ ጋር
ጎረቤት ሆኖ አደረ።
ኮራሁ። ለማን ይነገራል እንጂ፣ ኮራሁ።

ሰኞ ኪኒኑን ገዛሁ። ማክሰኞ ከሐኪሙ መልስ
ግማሽ ፊቴ እንደደነዘዘ ወንበር ላይ ወጣሁ ለአምፖሉ፤
እናቴ ሂልካ ወንበሩን ይዛ፣
"አባትህም እንዲሁ ነበር የሚንቀጠቀጥ" ትላለች።
ማታ "ተፈጸመ" ብዬ ጻፍኩ፤ መስመሩ ደብዘዝ አለ፤ ተኛሁ።

ለካ ለኮዴ ጆሮ እንጂ አፍ አልሠራሁለትም ኖሯል።
ይሰማል፣ አይመልስም።
ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ ወርቁን የጨበጥኩ እኔ፣
ሰሙ የቀለጠው ኦውሉ።
እዚያ ክቡ ሰኞም ባዶ፣ ረቡዕም ባዶ፣ ኀሙስም ባዶ፤
ወንድሟ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ከርሟል።

ቅዳሜ አጃውን ይዤ፣ በረዶውን አራግፌ ስገባ
ኢርያ ደረጃው ላይ ቆማለች።
ባንድ እጇ ኪኒን፣ ባንዱ አምፖል፤
ከራሷ በላይ የኔ አምፖል ቦግ ብሎ።
ቀና አለች። የያዘችውን አየች። እንደገና ቀና አለች።
"አምስት ሰዓት በባቡር" አለች።
"ሠርቼዋለሁ እኮ።"
"የት?"
"ፋይሌ ላይ... ማለቴ እዚህ፤ ግን የጻፍኩት ፋይሌ ላይ።"
"ፋይልህ ላይ!"

እናታችን በሩን ከፈተች፤ ሁለት ኪኒን፣ አንድ አምፖል፣ አንድ አጃ ተቀበለች፤
ያልጠራችው ድግስ እንደመጣላት ሰው ሳቀች።
ፍሪጁ ላይ፣ በማግኔት ሥር፣ የደረሰኝ ጀርባ፣ በእርሳስ፦
"አምፖል፦ ታውኖ፣ ማክሰኞ። ኪኒን፦ ታውኖ፣ ሰኞ።
ኢርያ ቅዳሜ ትመጣ ይሆናል። ሶፋው ይነጠፍ።"
"ማን ጠየቀኝና" አለች፤ "ስልክ እኮ አለኝ።"

ማታ እነሱ ሲያወሩ ማዕድ ቤት ተቀምጬ
ሰባት መስመር ጨመርኩ፤ አፍ።
ከሶፋው በኩል የኢርያ ስልክ ጢን አለ፤ አንዱ ክብ ሞላ፤
ጢን፤ ሌላው ሞላ።
ዝም አለች። ከሩብ ሰዓት በኋላ
ጥቁሩ ስክሪኔ ላይ አዲስ መስመር ብቅ አለ፦
"ለእናታችን መደወል። ለሁለታችንም። በየቀኑ።"
የሚደጋገም ሥራ እንዴት እንደሚቀዳ ኮዴ ገና አያውቅም፤
በእጄ ጻፍኩት።

ትርፉ አምፖል መሳቢያ ውስጥ ነው።
ቀን አልሰጠሁትም።